«ሠራ» ስላቸው «ፈራ» ብለው ይጽፋሉ፦ የላፕቶፕ ድምፅና ማይክሮፎን ችግር

ጥያቄ፦ ከአማርኛ መምህርት፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለሚኖሩ ስምንት ልጆች በዙም አማርኛ ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። ልጆቹ ፊደሉን ከሞላ ጎደል ለይተዋል፤ አሁን የደረስነው እኔ ቃል እየጠራሁ እነርሱ የሚጽፉበት ደረጃ ላይ ነው። በዚህ ደረጃ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በድምፅ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ያጋጠመኝን ችግር በዝርዝር አቀርባለሁና የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ላፕቶፑ ያገለገለ ሆኖ የገዛሁት ነው፤ ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል። ከሦስት ሳምንት በፊት ኮምፒውተሩ አፕዴት አድርጎ ከተነሣ በኋላ አብሮት የተሠራው ማይክሮፎን ዝም አለ። ዙም ውስጥ ስገባ ምስሌ ይታያል፣ ልጆቹ የሚናገሩትም በስፒከሩ ይሰማኛል፤ እነርሱ ግን ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚያዩት። ስልኬ ላይ ያለ እንከን የሚሠራ ባለገመድ የጆሮ ማዳመጫም አለኝ። ገመዱ አጭር ስለሆነ ከማራዘሚያ ገመድ ጋር አገናኝቼ ላፕቶፑ ላይ ስሰካው የልጆቹ ድምፅ ይመጣልኛል፣ የእኔ ግን አይደርሳቸውም።

ሌላ አማራጭ ሳጣ ከእኅቴ የብሉቱዝ ማዳመጫ ተውሼ ማስተማር ቀጠልኩ። ሙዚቃ ስከፍትበት ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ትምህርቱ ሲጀመር ግን ወዲያው ሰው እንስራ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ያህል ይታፈናል። ባለፈው ቅዳሜ «ሠራ» የሚለውን ቃል ጠርቼ ደብተራቸውን ወደ ካሜራው እንዲያዞሩልኝ ስጠይቅ፣ ከስምንቱ አምስቱ «ፈራ» ብለው ጽፈው አገኘሁ። «ሳቀ» ስል ደግሞ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ «ፋቀ» ብላ ጻፈች፤ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት «እማዬ ካሮት ስታዘጋጅ የምታደርገው» አለችኝ። ልጅቷ ቃሉን ታውቀዋለች፣ የሰማችውንም በትክክል ጽፋዋለች። ጥፋቱ ከእኔ በኩል በሚሄደው ድምፅ ላይ መሆኑ በጣም አሳዘነኝ።

በተጨማሪ፣ በባለገመዱ ማዳመጫ ስሰማ ቻርጀሩ ከተሰካ የማያቋርጥ የእምምታ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ቻርጀሩ ሲነቀል ይጠፋል። ላፕቶፑን ወደ አንድ የጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ክዳኑን ሳይከፍቱ «የድምፅ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ማዘርቦርዱ መቀየር አለበት» አሉኝ፤ የጠሩልኝ ዋጋም ላፕቶፑ ከተገዛበት ከግማሽ በላይ ስለነበር ይዤው ተመለስኩ። በእውነት ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ከኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ

እኅቴ፣ ከነገሩን ተነሥቶ ማዘርቦርድ ለመቀየር የሚያበቃ ምንም ማስረጃ አይታየኝም። ስፒከርዎ የሚሠራ ከሆነ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ማይክሮፎኑም ዝም ያለው አፕዴት በተደረገ ማግስት ስለሆነ፣ ከዕቃው በፊት ፕሮግራሙን መጠርጠር ይገባል። እንዲያውም ከጻፉት እንደምረዳው፣ ድምፅ ከስፒከርም፣ ከባለገመዱ ማዳመጫም፣ በብሉቱዝም የሚሰሙ ከሆነ፣ ያለብዎ ችግር አንድ ሳይሆን እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሦስትና አራት ችግሮች ናቸው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመፍታት ከሞከሩ ግራ ይጋባሉ፤ ስለዚህ እኔ በመጀመሪያው፣ ማለትም አብሮ በተሠራው ማይክሮፎን ላይ ብቻ ላተኩር።

ዙምን ዝጉትና ከእርሱ ውጭ ይፈትሹ። ሴቲንግስ ከፍተው ሲስተም፣ ከዚያም ሳውንድ ውስጥ ይግቡ፤ ኢንፑት በሚለው ክፍል ሥር የማይክሮፎኖች ዝርዝር አለ። ከዝርዝሩ ላይ ማይክሮፎን አሬይ የሚለውን መርጠው እየተናገሩ ከጎኑ ያለውን አግድም መስመር ይመልከቱ። መስመሩ ከድምፅዎ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ማይክሮፎኑም ድራይቨሩም (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ደኅና ናቸው፤ ችግሩ ያለው ከእነርሱ በላይ፣ ፈቃድ በመስጠት ወይም በዙም ምርጫ ላይ ነው። መስመሩ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ግን ችግሩ ከሥር ነው። ይህ የአንድ ደቂቃ ፍተሻ ሥራውን በግማሽ ያቀለዋል፤ እኔ ዘንድ የሚመጣ ደንበኛም ላፕቶፑን ከማስቀመጡ በፊት የማስደርገው ይህንኑ ነው።

መስመሩ ከተንቀሳቀሰ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ከፍተው ማይክሮፎን ውስጥ ይግቡ። እዚያ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ከላይ በየመተግበሪያው ስም ጎን ያሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች ከማይክሮሶፍት ስቶር ለወረዱ መተግበሪያዎች የሚያገለግሉ ሲሆኑ፣ ከገጹ ታች ዴስክቶፕ አፕስ ማይክሮፎኑን ይጠቀሙ ዘንድ የሚፈቅድ ሌላ ማብሪያ ማጥፊያ ለብቻው አለ። ዙም አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ከነዚህ ከኋለኞቹ ነው። ስለዚህ የዊንዶውስ የድምፅ መቅጃ ድምፅዎን አሳምሮ እየቀዳ ዙም ግን የማይሰማበት አጋጣሚ የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ የጸረ ቫይረስ ፕሮግራሞችም ማይክሮፎንን በራሳቸው ሥልጣን ይዘጋሉና ያለዎት ከሆነ እዚያም ይመልከቱ።

መስመሩ ካልተንቀሳቀሰ፣ ከሁሉ አስቀድመው ኪቦርዱን ይዩት። ከላይኛው ረድፍ ቁልፎች በአንዱ ላይ የተሰረዘ ማይክሮፎን ምስል ያለበት ሊኖር ይችላል፤ በቲንክፓድ ላፕቶፖች ላይ ለምሳሌ ኤፍ 4 ነው፣ ማይኩ ሲዘጋም ቁልፉ ላይ ትንሽ መብራት ትበራለች። ሰው ጠረጴዛ ሲወለውል ይህን ቁልፍ ሳያውቀው ይነካዋል። ቀጥሎ ዲቫይስ ማኔጀር ከፍተው ኦዲዮ ኢንፑትስ ኤንድ አውትፑትስ የሚለውን ይዘርጉ። ከማይክሮፎኑ ስም ጎን ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ካለ ተዘግቷልና ኢኔብል ያድርጉት። ስሙ ጨርሶ ከሌለ ወይም ቢጫ ምልክት ካለበት የጠፋው ድራይቨር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም የጥገና ቤቱን የተሳሳተ ፍርድ ያመጣው ይህ ይመስለኛል። ብዙ የቅርብ ጊዜ ኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ስፒከሩና የማዳመጫው ቀዳዳ ሪልቴክ በተባለው ቺፕና ድራይቨር ሲመሩ፣ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያሉት ጥቃቅን ዲጂታል ማይክሮፎኖች ግን ኢንቴል ስማርት ሳውንድ ቴክኖሎጂ በሚባል ሌላ ድራይቨር ነው የሚሠሩት። ስለዚህ አፕዴት ሁለተኛውን ብቻ አበላሽቶ ስፒከሩን ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ሪልቴክን ብቻ አጥፍቶ መልሶ ሲጭን ውሎ፣ ለውጥ ሲያጣ «ካርዱ ተቃጥሏል» ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳል። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያም ድራይቨር የሚለውን ገጽ ከፍተው ሮል ባክ ድራይቨር የሚለው ቁልፍ የሚነካ ከሆነ ይጫኑት፤ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ቁልፉ የደበዘዘ ከሆነ ደግሞ ከላፕቶፑ ሥር የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ይዘው ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የኦዲዮ ድራይቨሩን ያውርዱ። «ድራይቨርዎን በነጻ እናድሳለን» የሚሉ ፕሮግራሞችን እባክዎ አይጫኑ፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡልኝን ላፕቶፖች ለማጽዳት የፈጀሁት ጊዜ ከዋናው ችግር ይበልጣል።

ስለ ባለገመዱ ማዳመጫ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅ፦ የማራዘሚያው ገመድ ጫፍ ላይ ስንት ጥቁር ቀለበቶች አሉ?

መልስ፦ ከድምፅ ቀረጻ ባለሙያ

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ስለሆነ አልደግመውም። እኔን የሳበኝ «ሠራ» ወደ «ፈራ» የተለወጠበት ነገር ነው፤ ይህ የልጆቹ ጆሮ ወይም የኢንተርኔቱ መቆራረጥ ያመጣው ሳይሆን ብሉቱዝ የሚሠራበት መንገድ ያስከተለው፣ ምክንያቱም በግልጽ የሚታወቅ ነገር ነው።

የብሉቱዝ ማዳመጫ ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። ለሙዚቃ የሚያገለግለው አንዱ ድምፅን ከኮምፒውተሩ ወደ ጆሮ ብቻ በጥራት ያስተላልፋል፤ ማይክሮፎን የለውም። ማይክሮፎኑ ሲፈለግ ማዳመጫው ለስልክ ጥሪ ወደተዘጋጀው ሁለተኛው አሠራር ይሻገራል፤ በዚህን ጊዜ ድምፁ በሁለቱም አቅጣጫ ይጠብባል። ዙም ማይኩን በከፈተ ቅጽበት እንስራ ውስጥ የገቡ የመሰለዎት ለዚህ ነው። በቆየው የጥሪ ስልት ድምፁ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ይለካል፤ በዚህ መጠን የተለካ ድምፅ ደግሞ ከ4,000 ኸርዝ (በሴኮንድ ከ4,000 ንዝረት) በላይ ያለውን ሊይዝ አይችልም። የድሮው ስልክ መስመርም የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ገደማ ያለውን ነበር።

አሁን አፍዎን ወደ እጅዎ መዳፍ አስጠግተው «ስስስ» ከዚያም «ፍፍፍ» ይበሉ። «ስ» እንደ ፉጨት ቀጭንና የተሳለ ነው፤ ጉልበቱ በአብዛኛው ያለው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው፣ በሴቶችና በልጆች ድምፅ ላይ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። «ፍ» ደካማና የተበተነ ትንፋሽ ነው። ላይኛው ክፍል ሲቆረጥ ከ«ስ» የሚተርፈው ደካማ ትንፋሽ ብቻ ስለሚሆን፣ ሰሚው «ፍ» ነው ብሎ ይይዘዋል። «ሽ» ጉልበቱ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ከዚህ ይድናል፤ ስለዚህ ልጆቹ «ሸጠ» ሲሏቸው አልተሳሳቱም ብዬ እገምታለሁ። አዋቂ ሰው በስልክ ሲያወራ ይህን አይገነዘብም፤ «ቤት ሠራ» ሲባል «ቤት» የሚለው ቃል የጎደለውን ይሞላለታልና። እርስዎ ግን ቃሉን ብቻውን እየጠሩ ነው፣ ተማሪዎቹም የቋንቋው ጀማሪዎች ናቸው፤ የሚደግፋቸው ነገር የለም።

መፍትሔው ማዳመጫውን ለመስማት ብቻ መጠቀም ነው። ዙም ውስጥ የኦዲዮ ሴቲንግስ ገጹን ከፍተው በስፒከር ቦታ ላይ የብሉቱዙን ማዳመጫ፣ በማይክሮፎን ቦታ ላይ ግን የላፕቶፑን ማይክሮፎን ይምረጡ። የብሉቱዙ ማይክ እስካልተከፈተ ድረስ ማዳመጫው በሙዚቃው አሠራር ላይ ይቆያል፤ ልጆቹም ሙሉ ድምፅዎን ይሰማሉ። በሴኮንድ 16,000 ጊዜ የሚለካ የተሻለ የጥሪ ስልት ያላቸው ማዳመጫዎች አሉ፤ ነገር ግን ላፕቶፑም ማዳመጫውም ሊደግፉት ስለሚገባ ለጽሕፈት ትምህርት አልተማመንበትም።

ሁለት ነገሮች ልጨምር። ዙም የአካባቢ ጫጫታ የሚያጠፋበት ማስተካከያ አለው፤ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ከሆነ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉ ትንፋሽ መሰል ድምፆችን ከጫጫታ ጋር ቆጥሮ ሊያደበዝዛቸው ስለሚችል ወደ ዝቅተኛው ያውርዱት። ባለገመዱ ማዳመጫ ሲስተካከል ደግሞ ማይኩን ከአፍዎ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ አድርገው ይያዙት፤ «ፐ» እና «በ» ሲጠሩ የሚወጣው አየር በቀጥታ ካረፈበት የዱብታ ድምፅ ይፈጥራል።

መልስ፦ ከኤሌክትሪክ ባለሙያ

ስለ እምምታው ልናገር። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ቻርጀር ሲሰካ የሚመጣውና ሲነቀል የሚጠፋው እምምታም ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚነሣው። ላፕቶፑ ከውጭ አገር የመጣ ከሆነ የቻርጀሩን ባለ ሦስት እግር ስፒና በባለ ሁለት ቀዳዳ አዳፕተር በኩል ከማከፋፈያው ጋር አገናኝተውት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሦስተኛው እግር፣ ማለትም ግራውንዱ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው መስመር)፣ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ለማረጋገጥ እምምታው እየተሰማ የላፕቶፑን የብረት አካል፣ ለምሳሌ የዩኤስቢውን ቀዳዳ ዙሪያ፣ በጣትዎ ነካ ያድርጉ፤ ድምፁ ከቀነሰ ወይም ከተለወጠ የግራውንድ ጉድለት ነው። አንዳንድ ሰው በዚሁ ቦታ ላይ ስስ ንዝረት ይሰማዋል።

በባትሪ ማስተማር የዛሬውን ችግር ያልፍልዎታል። ዘላቂው ነገር ግን ግራውንድ ያለው ማከፋፈያ ግራውንድ በተዘረጋለት የግድግዳ ሶኬት ላይ መሰካት ነው። ስፒናው አልገባ ሲል ሦስተኛውን እግር በፒንሳ የሚቆርጡ ሰዎች አሉ፤ ይህ ለማንም፣ በተለይም ልጆች ባሉበት ቤት፣ በፍጹም መደረግ የለበትም።

መልስ፦ ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያገኘሁትን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

በኢንፑት ሥር ያለው መስመር ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ ከዝርዝሩ ላይም ማይክሮፎን አሬይ የሚባል ስም አልነበረም። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ስገባ ሪልቴክ ያለ ምልክት ተቀምጧል፣ የኢንቴሉ ስም ላይ ግን ቢጫ ምልክት አለ። ሮል ባክ የሚለው ቁልፍ ደብዝዞ ስለነበር ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርጄ ጫንኩት፤ ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ መስመሩ ከመጀመሪያው ቃሌ ጋር ብድግ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቃጥሏል ስባል የቆየሁት ማይክሮፎን ደኅና ነበር።

የማራዘሚያውን ገመድ ጫፍ ከማዳመጫው ጫፍ ጎን ለጎን አድርጌ በመስኮት ብርሃን አየሁት። የማዳመጫው ሦስት ጥቁር ቀለበቶች አሉት፤ የማራዘሚያው ሁለት ብቻ ነው። ለዓይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሳልቆጥራቸው ቢሆን ኖሮ ልዩነቱን በጭራሽ አላስተውልም ነበር። ማራዘሚያውን አውጥቼ ማዳመጫውን በቀጥታ ስሰካው ማይኩ ሠራ። ስለ እምምታውም ግምቱ ልክ ነው፤ ባለ ሁለት ቀዳዳ አዳፕተር እጠቀም ነበር። የዩኤስቢውን ዙሪያ ስነካው ድምፁ ወዲያው ቀነሰ። ለጊዜው በባትሪ አስተምራለሁ፤ ሶኬቱን ለባለቤቴ አሳይቼዋለሁ።

ቅዳሜ በላፕቶፑ ማይክሮፎን ያንኑ የጽሕፈት ልምምድ ደገምኩት። «ሠራ፣ ፈራ፣ ሳቀ፣ ፋቀ፣ ሰላ፣ ፈላ» ብዬ አቀላቅዬ ጠራሁላቸው፤ ስምንቱም ያለ ስሕተት ጻፉ። ያቺ የሰባት ዓመት ልጅ «ሳቀ» ከሚለው ጎን የሚስቅ ፊት ሣለችበት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። በትምህርቱ መካከል የተቀዳ ተረት ከላፕቶፑ ላይ ሳስደምጣቸው፣ የተረቱ ድምፅ ለእኔ በድንገት ዝቅ ይላል፤ ልጆቹም «ከሩቅ ነው የሚሰማን» ይላሉ።

መልስ፦ ከኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ

ደስ ብሎኛል። ስለ ቀለበቶቹ ላብራራ፦ የ3.5 ሚሊ ሜትር ጫፍ ላይ ሁለት ቀለበት ካለ ብረቱ በሦስት ተከፍሏል፤ ለግራ ጆሮ፣ ለቀኝ ጆሮና ለጋራ መመለሻው ብቻ ይበቃል። ሦስት ቀለበት ያለው አራተኛ ክፍል ይጨምራል፤ የማይኩ መንገድ እርሱ ነው። ማራዘሚያ ሲገዙ ባለ ሦስት ቀለበቱን መርጠው ይግዙ።

የተረቱ ጉዳይ ሁለት ነው። ዊንዶውስ ጥሪ መኖሩን ሲያውቅ ሌሎች ድምፆችን በ80 በመቶ እንዲቀንስ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሳውንድ ገጹ ላይ ወደ ታች ወርደው ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ ይክፈቱ፤ ኮሙኒኬሽንስ በሚለው ገጽ ዱ ናቲንግ የሚለውን መርጠው አፕላይ ይበሉ። ልጆቹ ከሩቅ የሚሰሙት ደግሞ ተረቱ ከስፒከሩ ወጥቶ፣ ክፍሉን አቋርጦ፣ በማይክሮፎኑ ተመልሶ ስለሚገባ ነው። ዙም ላይ ስክሪን ሲያጋሩ ከመስኮቱ ታች ሼር ሳውንድ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ያን ጊዜ ድምፁ ክፍሉን ሳያቋርጥ ከኮምፒውተሩ በቀጥታ ይደርሳቸዋል።